ጠዋት ስትነሺ

ሲስተር በአጥንትና በመገጣጠሚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ካርዱን ይዞ ከፊቷ የሚቀመጠውን በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ሰውነትዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል? ሰው ሕመሙን ሲጠይቁት ወይ ያጋንናል ወይ ያሳንሳል። ጠዋቱን ሲጠይቁት ግን ቆም ብሎ ያስባል። አንዱ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ እንደሚለቀው ይነግራታል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ጉልበት ነው። ሌላው የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅበት እያፈረ ይናገራል፤ ያን ጊዜ እጁን ተቀብላ ጣቶቹን በየተራ ጫን ጫን ታደርጋለች። የተቆጣ መገጣጠሚያ ሲነኩት ይሞቃል፣ እንደ በሰለ ፍሬም ይለሰልሳል። ሪህ የያዘውንማ ከበር ነው የምታውቀው፤ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ የሚገባው እሱ ነው። ሐኪሞቹ የሲስተር ዓይን ራጅ ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

ይህን ጥያቄ እቤቷ ጠይቃው አታውቅም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። ታላቅየዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ታላቅየዋ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ያዘለቻትን ልጅ ታላቅየዋ እስከ ዛሬ አላወረደቻትም። ሲስተር አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣ አግብታ ፈትታ ወደዚሁ ቤት ከተመለሰች በኋላ እንኳ እህቷ የምትጠራት «ሚጡ» ብላ ነው። ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ ጨርቅ ነው። ተሰፍተው ባለቤታቸውን የሚጠብቁ መጋረጃዎች በገመድ ላይ ይሰቀላሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ስትገባ በእነሱ ውስጥ አልፋ ነውና አንድ ሳምንት ቤቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ በሚቀጥለው የማር ቀለም ይይዛል። ሲስተር ወደ ሥራ የምትወጣው ገና ሳይነጋጋ ስለሆነ ይህን ብርሃን የምታየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

ሕመሙ የመጣው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ታላቅየዋ አንድ ቀን ስትነቃ ራሷን ውሃ ውስጥ የተኛች ያህል አገኘችው። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ጆሮዋ የታናሿን እግር ኮቴና የበሩን መዘጋት ሰምቷል፣ ትከሻዋና ዳሌዋ ግን ገና ከታች፣ ከጥልቁ አልወጡም። እጇን ለማንሳት ብታስብ ሐሳቡ እስከ ክንዷ ይደርስና እዚያው ይቀራል። ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ጎን ለመዞር እንደ መንገደኛ ስንቅ ማሰናዳት ነበረባት። ብርሃኑ ከአንዱ መጋረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ተኝታ ታያለች፤ ወደ ቡናማው ሲደርስ ቀስ በቀስ ትንሳፈፋለች። ከሰዓት በኋላ ደህና ናት። ማታ ታናሿ ስትመጣ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ፣ ክሩን ሰክታ፣ ሥራዋን ስትሠራ ታገኛታለች።

ስለዚህ ማንም አላወቀም። እሷም እንዳይታወቅ ዘዴ አላጣችም። ፀጉሯን ማበጠር ሲያቅታት ሻሽ ማሰር ጀመረች። መጋረጃ መስቀል ሲያቅታት ለደንበኞቿ ወገቧን እንደያዛት ነግራ ራሳቸው እንዲሰቅሉት አደረገች። ከሥጋዋ ስትቀንስ ደግሞ መስፋት ታውቃለችና ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አጠበበቻቸው፤ ሁሉም ልክክ ብለው ስለሚቀመጡ መክሳቷ ለማንም አልታየም።

አንድ ምሽት ብቻ፣ ሲስተር ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ትከሻዬ ከበደኝ ብላት ነበር። ሲስተር ቀና ሳትል ዕድሜ ነው አለቻት፤ ሥራሽም ነው፤ ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ስትሰፊ ኖረሽ ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት። ከቦርሳዋም የዳይክሎፌናክ ማስታገሻ ክኒን አውጥታ ሰጠቻት። ታላቅየዋ ለሕመሙ ከዚያ ክኒን በቀር ሌላ ነገር እንደሌለው አምና፣ ሲያልቅባት ከመድኃኒት ቤት እየገዛች፣ ጨጓራዋ እስኪቃጠል ሁለት ወር ዋጠችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሷስ ተነግሮ ነበር፣ ሰሚ ነው ያጣው።

በአንድ እሑድ ጠዋት ሲስተር ከሻይ ጋር ዳቦ ቆርሳ ስታቀርብ እህቷ ሁለት ጊዜ አላምጣ አረፈች። ጥርስሽን ነው? ብትላት አይደለም፣ መንጋጋዬ ይደክመዋል፣ ዳቦው ደርቆ ነው አለች። ዳቦው የዚያን ዕለት ጠዋት የተጋገረ ነበር። ሲስተር ይህን እያሰበች ሳለ የእህቷ ሻሽ ሸርተት አለና ፀጉሯ ታየ፤ ተያይዞ፣ ተቋጥሮ፣ ለወራት ማበጠሪያ ያልነካው ፀጉር። ሲስተር መጀመሪያ ሳቀች። እህቷ አልሳቀችም። ሻሹን ለመመለስ እጇን አነሳች፤ እጇም ከጡቷ በላይ አልሄደም።

ሲስተር ዱካውን አምጥታ መስኮቱ ስር አስቀመጠችና ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን ማፍታታት ጀመረች። የዚያ ሳምንት መጋረጃ ሐምራዊ ነበር፤ የእህቷ ሽበት በብርሃኑ ሐምራዊ መስሎ፣ ክፍሉ ፀጥ ብሎ፣ ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ማበጠሪያው ገና ቆዳዋን ሲነካ ታላቅየዋ ሽምቅቅ አለች። ሲስተር ያልፈታችው ቋጠሮ የጎተታት መስሏት ይቅርታ ጠየቀች።

«ቋጠሮው አይደለም» አለች እህቷ። «ፀጉሬ ነው የሚያመኝ።»

ሲስተር ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ጣቶቿ ሃያ ሁለት ዓመት የለመዱትን መንገድ ይዘው በጆሮዋ ፊት ለፊት ወደ ግራ ጆሮ ግንዷ ወጡ። እዚያ ደም ሥር አለ፤ ጤነኛ ሲሆን ለስላሳ ነው፣ ከጣት ስር ቱክ ቱክ ይላል። አሁን ያገኘችው እንደ ተቋጠረ ገመድ የጠነከረ ነገር ነው። ትርታ የለውም። በቀኝ በኩል ሞከረች፤ እዚያ ደከም ያለ ትርታ አገኘች። እንደገና ወደ ግራ ተመለሰች፤ ዝም ያለ ነው።

«እቴቴ» አለቻት፣ «ጠዋት ስትነሺ ሰውነትሽ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል?»

ታላቅየዋ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ቆም ብላ አሰበች። «እስከ አምስት ሰዓት» አለች። ቀጥላም፣ ማንም እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዳንድ ቀን እስከ ስድስት።»

ሲስተር የቀረውን ጠየቀች፤ ራስ ምታቱን፣ ላቡን፣ መንጋጋውን። ሁሉም አለ። ዓይኗን መጨረሻ ላይ አስቀረችው፣ መልሱን ስለፈራችው። እህቷ ሐሙስ ዕለት ስትሰፋ በግራ ዓይኗ ላይ ግራጫ ነገር ወርዶባት፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ተነሳላት ነገረቻት። ጨርቁ የተንሸራተተ መስሏት በእጇ ልትገፋው ሞክራ ነበር። ይህን ስትናገር ራሷ ሳቀች።

ሲስተር አወቀች። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ትከሻና ዳሌ የሚይዝ አንድ በሽታ አለ፤ መገጣጠሚያን አያጣምም፣ በራጅ አይታይም፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። አንዳንዴ ወደ ላይ ይወጣና የጆሮ ግንድን ደም ሥር ያስቆጣል። ያበጠው ደም ሥር ለዓይን ደም የሚያደርሰውን ቅርንጫፍ ሲዘጋው ዓይን ይጠፋል፤ አንዱ ከጠፋ ሌላው በቀናት ውስጥ ይከተላል። የጠፋው አይመለስም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ የሚጠይቀው ፍጥነት ብቻ ነው። ሳይደርቅ በእርጥብ ማለት ለዚህ በሽታ የተባለ ይመስላል።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

«ፀጉሬን ግማሹን ፈትተሽ?»

«ሻሽ እሰሪበት።»

ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእሑድ መንገድ ባዶ ነው፤ የተዘጉ ሱቆች፣ የታጠበ አስፋልት፣ ዛፎቹ በመስታወቱ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይፈስሳሉ። ታላቅየዋ ለወራት ከሰፈሯ ወጥታ አታውቅምና እንደ ልጅ ታያለች። መካከል ላይ አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፣ ገለጠች፣ እንደገና ሸፈነች። ከዚያ ያለ ምንም ድንጋጤ፣ ስለ አየሩ የምታወራ ያህል፣ በግራ ዓይኗ ስታይ መንገዱ እንደሌለ ተናገረች። ሰማዩና የቤቶቹ ጣሪያ አለ፤ ከስር ያለው ግማሽ ግራጫ ነው፤ ሰዎቹ እግር የላቸውም። አሁንስ ይነሳ ይሆን? ብላ ሲስተርን ጠየቀቻት። ሲስተር እጇን ያዘች። ሹፌሩን እንዲፈጥን ነገረችው።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲስተር በምትሠራበት ሆስፒታል ገና ሦስት ወሩ። የደከመ ፊቱን አሻሸና እማማን በትሕትና መርምሮ፣ ለዓይን ሐኪም ለሰኞ እንደሚጽፍላቸው፣ እስከዚያው የደም ምርመራው ይምጣ አለ። ሲስተር የጆሮ ግንዷን ደም ሥር በራሱ ጣት እንዲነካው አደረገችውና መድኃኒቱ አሁኑኑ በደም ሥር ይጀመር አለችው። ነካው፣ ተጠራጠረ፤ ውጤቱን ሳያይ ያን ያህል ከባድ መጠን ለማዘዝ እንደሚከብደው፣ ስኳር ቢነሳባቸው፣ ጨጓራቸውም ተጎድቶ ሳለ፣ ከደም ሥሩ ናሙና ሳይወሰድ እንዴት እንደሚሆን ዘረዘረ። ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሲስተርም ይህን ታውቃለች።

«ዶክተር» አለችው፣ «ናሙናው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም ይወሰዳል፤ ለቀናት አይበላሽም። የደሙ ውጤት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ዓይኗ አንድ ሰዓት የለውም።»

ወጣቱ ለቅጽበት አያት። ከዚያ የዓይን መመልከቻውን መብራት አንስቶ በግራ ዓይኗ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ደወለ፤ አለቃው ነገሩን እስከ መጨረሻው አልሰማውም፣ ጀምር አለው። መድኃኒቱን ግሉኮስ ላይ ጨምራ በእህቷ ክንድ የሰካችው ሲስተር ራሷ ነች። ቆዳው ስስ፣ ደም ሥሩ ሸሺ ነበር፤ እሷ ግን በመጀመሪያው መርፌ አገኘችው። ጠብታው መውረድ ሲጀምር ቆማ ቆጠረችው።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ቅጽል ስሙ «አንድ ሰዓት» ነው፤ መቼ ይደርሳል ላሉት ሁሉ መልሱ ይኸው ስለሆነ። ዛሬ ግን ቃሉ እውነት ነበር። ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሞልቶ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ቀዩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጠራ ያለው ቢጫ ውሃ ከላይ ይቀራል፤ በሰውነት ውስጥ ቁጣ ካለ ቀዩ ፈጥኖ ይሰምጣል፤ በሰዓቱ የሰመጠው ልክ ይነበባል። ሲስተር ለዚህ ምርመራ ሺህ ጊዜ ደም ልካለች፤ ቁጭ ብላ አይታው ግን አታውቅም። እህቷ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር መጥታ ቱቦው ፊት ተቀመጠች። እንቅስቃሴው ለዓይን አይያዝም። ዓይኗን ነቅላ ስትመለስ ግን ወርዷል። ባለሙያው የመስታወት ዕቃዎቹን ያጥባል፣ ውሃው ይንጫጫል፣ በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ብርሃን በቢጫው ውስጥ ያልፋል፤ የእህቷ ወራት፣ እነዚያ እስከ አምስት ሰዓት የተኛቻቸው ጠዋቶች፣ እፊቷ አንድ በአንድ ወደ ታች የሚወርዱ መሰላት። እኔ በር ዘግቼ ስወጣ፣ አለች በልቧ፣ እሷ ነቅታ ነበር።

መቶ አራት አለ ባለሙያው። በእህቷ ዕድሜ ሠላሳን ብዙ ማለፍ የለበትም ነበር።

ታላቅየዋ ሦስት ቀን መድኃኒቱን በግሉኮስ ተቀበለች። በሁለተኛው ጠዋት ሲስተር ወደ ክፍሉ ስትገባ እህቷ በጀርባዋ ተኝታ፣ አንድ እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ ጣሪያውን ታያለች። እጇ እዚያ እንዴት እንደደረሰ አታውቅም።

«ቀድሞኝ ነቅቶ ነው» አለች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ቀስ ብላ ወደ ላይ ዘረጋቻቸውና፣ የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ እያገላበጠች አየቻቸው። ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞረች፤ በሽተኛ ፊት ማልቀስ አልለመደችም።

በሳምንቱ ከጆሮ ግንዷ ቁራጭ ደም ሥር ተወስዶ የሲስተር ጣት ያለው ተረጋገጠ። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ። የግራው የታችኛው ግማሽ አልተመለሰም። ታላቅየዋ ይመለሳል ወይ ብላ ስትጠይቅ ሲስተር አይመለስም አለቻት፤ ለሌላ ሰው ቢሆን የምታለሳልሰውን ቃል ለእሷ ማለሳለስ አልቻለችም። እህቷ ራሷን ነቀነቀችና ከላይ ያለውማ ሰማዩ ነው፣ ደህናውን ትቶልኛል አለች።

እቤት ሲመለሱ በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር የሚዋጥ አሥራ ሁለት ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ የዚያው መድኃኒት ወገን የሆነ ክኒን ነበረ፤ ለጨጓራዋ አንድ፣ ለአጥንቷ ካልሲየም፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ወይም ቆም የሚባልበት ሌላ ክኒን። ዳይክሎፌናኩን ሲስተር ራሷ ሰብስባ ጣለችው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕልም ሳምንታት ነበሩ። መድኃኒቱ ለታላቅየዋ ክንፍ አወጣላት። ከወፎች በፊት ትነቃለች፣ የተኛችባቸውን ጠዋቶች ሁሉ ለመካስ ያሰበች ይመስል ትሰፋለች፣ ትበላለች፣ ታወራለች። ነቅታ ሳለችም ሕልም ታያለች፤ እናታቸው ወጣት ሆና በመጋረጃዎቹ መካከል ስታልፍ፣ ጨርቁን በጣቷ እየነካች ዋጋ ስትጠይቅ። ይህን ሁሉ ለሲስተር በዝርዝር ትነግራታለች። ፊቷ እንደ ጨረቃ ሞላ፤ ጎረቤቶችም ድሮስ ሆስፒታል ሰው ይገድላል ማን አለ፣ አማረብሽ እያሉ መረቋት።

ከእነዚሁ ጎረቤቶች አንዷ ናት ያ መድኃኒት አጥንት ይበላል ያለቻት። ሐሰት አይደለም፤ ካልሲየሙም የታዘዘው ለዚሁ ነው። ታላቅየዋ ግን ለማንም ሳትናገር በሦስተኛው ወር፣ መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥላ ሁሉንም ተወችው። በስድስተኛው ቀን ሲስተር የረሳችውን ዕቃ ልትወስድ በምሳ ሰዓት ብትመለስ እህቷን መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘቻት፤ ላብ አጥምቋት፣ አቅለሽልሿት፣ ቃል ለማውጣት ታክቷት።

እንደገና ሆስፒታል፣ እንደገና ግሉኮስ። ሲስተር እህቷ ስትነቃላት ልትቆጣት አስባ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ቁጣው ጠፋባትና፣ ለሌሎች በሽተኞች በምታስረዳበት ድምፅ ጀመረች። ከኩላሊት በላይ ትንሽ ዕጢ አለች አለቻት፤ ክኒኑ የሚሠራውን ሥራ ድሮ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ክኒኑ ሲመጣ ሥራ የለም ብላ ተኛች፤ ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ማንም አልቀሰቀሳትም።

«ቀስ እያልን ነው የምንቀሰቅሳት፤ በወር ትንሽ፣ በወር ትንሽ። ስትጠነክር ራሷ ትነሳለች።»

ታላቅየዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት። «እንቅልፋም ዕጢ» አለች በመጨረሻ። ቆይታ ደግሞ፣ «ሚጡ፣ አትቆጪኝ። ያን ጊዜም ያልነገርኩሽ... እነዚህ እጆች ናቸው ያሳደጉሽ። ሲሰንፉ እንድታዪያቸው አልፈለግኩም።»

«ነግረሽኝ ነበር» አለች ሲስተር። «ትከሻዬ ከበደኝ ብለሽኛል። ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።»

ታላቅየዋ ያን ምሽት አታስታውሰውም። ሲስተር ግን ታስታውሰዋለች፤ ያስታወሰችውን ሁሉ ነገረቻት፣ ያለችውን ቃል በቃል፣ የሰጠቻትን ክኒን። እህቷ ሰምታ ስትጨርስ የግሉኮሱ መርፌ በሌለበት እጇ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችላትና ሾርባው የት ደረሰ ብላ ጠየቀች።

ዓመት አለፈ። አሥራ ሁለቱ ክኒን ወደ አንድ ወርዷል፤ ሐኪሙ ሌላ ዓመት ሊያስፈልግ ይችላል ብሏል። የታላቅየዋ ፊት ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ ጎረቤቶችም ከሳሽ ይሏታል። ሲስተር ጠዋት ከመውጣቷ በፊት እህቷ አልጋ አጠገብ ቆም ትላለች፤ ትጠይቃለች፣ መልሱንም ቆማ ትሰማለች፤ ለዚህም ስትል አሥር ደቂቃ ቀድማ መነሳት ለምዳለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጨርቅ ሊመርጡ አብረው ይወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታላቅየዋ ከግራዋ በኩል ዝቅ ያለውን ስለማታየው ከአግዳሚ ወንበር ጋር ተጋጭታ፣ አንድ ጊዜም የተኛ ውሻ ረግጣ ሁለቱም ጮኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲስተር በግራዋ ትሄዳለች፣ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላ። ታላቅየዋ ስለ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ እያወራች ነው፤ በፀሐይ የማይለቅ፣ ለሳሎን የሚሆን፣ ባለሱቁ ግን የማያውቀው።

«ደረጃ» አለች ሲስተር ቀስ ብላ።

ታላቅየዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ እግሯን አነሳች።